ከመስኮቱ ስር የሰማሁት

ዛሬ ከሰዓት ልጄ ሰሚራ በርጩማ አምጥታ ማንጎው ጥላ ስር አስቀመጠችና «እማ፣ ቁጭ በይና ስሚኝ» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲው ከዘንድሮ ተመራቂዎች ጎበዝ ጎበዞቹን በረዳት መምህርነት ሊያስቀር ነው። ነገ ፈታኞች ፊት ቆማ አስተምራ ማሳየት አለባት። ዴሞ ይሉታል። ስሙን አውቀዋለሁ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ፤ እሷ የፀሐይ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

እንዲህ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ካስተማረኝ አስራ ምናምን ዓመት ሆኖታል።

ወላጆቻችን በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው አሶሳ የሰፈሩ ናቸው። እኔና ወንድሜ ሰይድ ያደግነው ስም በሌለው፣ በቁጥር በሚጠራ መንደር ነው። አባታችን ሲሞት ከሁለት አንዳችን እርሻው ላይ መቅረት ነበረብን፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል ቀረሁ። ሰይድ ተማረ፣ ተማረ፣ ህንድ አገር ድረስ ሄዶ ዶክተር ሆኖ መጣ። የአፈር ዶክተር።

እኛ እንደሆን ሥራው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው መስሎን ነበር። ምን ይጠብቀዋል! አንዱ ዩኒቨርሲቲ ቦታ የለም ይለዋል፣ ሌላው እንጠራሃለን ብሎ በዚያው ይቀራል። እኔ ያኔ ባሌ ለሥራ ብሎ ሱዳን ገብቶ የቀረብኝ ጊዜ ነው። ሰሚራን ይዤ ከተማ ቤት ተከራይቼ፣ ቀን መናኸሪያው በር ላይ ቅቅል ኦቾሎኒ እየሸጥኩ ማታ አምስተኛ ክፍል ጀምሬ ነበር። ሰይድ እኔ ዘንድ ሲገባ ግን እራት የሚያቀርብለት ጠፋ። ትምህርቱን ተውኩት።

«አይዞሽ ዘይኔ» አለኝ፤ «እዚሁ አሶሳ ልቀጠር እንጂ እኔ ራሴ እጅሽን ይዤ አስመዘግብሻለሁ።»

አመንኩት። የእናቴ ልጅ ነዋ።

ማንጎው በስሎ እየረገፈ መሬቱ እግር በሚይዝበት ሰሞን፣ በግንቦት፣ ለዴሞ ተጠራ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እኔን አስቀምጦ ያስተምረኝ ጀመር። በሩ ላይ በከሰል እየጻፈ አፈራችን ለምን እንደሚኮመጥጥ ያስረዳኛል። ጎረቤታችን እናት ሐሊማ በአጥሩ ቀዳዳ አይታን ሆዷን ይዛ ትስቃለች። የአገሬው የበርታ ሰው ናት፣ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «አንተ ዘይነባ፣ ኦቾሎኒ ማን ይሸጣል? አንተም ዶክተር ሆነ?»

አንድ ቀን ሰይድ «አልገባሽም አይደል?» አለኝ።

«ገብቶኛል። ዝናቡ ደጋግሞ ሲያጥበው ጥሩ ጥሩው ይሄዳል። ልብስስ ሲታጠብ ሲታጠብ ቀለሙን ይለቅ የለ?»

ከሰሉን አስቀመጠ። «እስቲ እሱን ድገሚልኝ» አለ።

የዴሞው ቀን የተኮስኩለትን ሸሚዝ ለብሶ፣ ምንም ሳይቀምስ ወጣ። ሆዴ አልችል አለኝ። ቂጣ በማር አድርጌ በፌስታል ቋጥሬ በባጃጅ ተከተልኩት። ጥበቃው ክፍሉን አሳየኝ። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ጣሪያው ጥግ ተጠለልኩ፤ ከላዬ ያለው መስኮት ክፍት ነው፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለ አፈሩ ተናገረ፣ ስለ ዝናቡ ተናገረ፣ ከዚያ የኔን፣ የልብሱን ነገር አመጣው። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! እኔም አብሬው ሰሌዳው ፊት የቆምኩ መሰለኝ።

«ጥሩ ምሳሌ ነው» አለ አንዱ ፈታኝ። «ከየት አመጣኸው?»

«ልብሴን የምታጥብልኝ ሴትዮ ናት» አለ ወንድሜ። «ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም። ትምህርቱን እሷ ላይ ሞክሬው ነው የመጣሁት። እሷ ከገባት የእናንተን ተማሪ አያቅተውም!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሱም አብሮ ሳቀ። ሳቁን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ውሸት አልተናገረም። ልብሱን የማጥብለት እኔ ነበርኩ።

ቂጣውን ለጥበቃው ሰጥቼ በዝናቡ በእግሬ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ እየሮጠ መጣ። «አለፍኩ ዘይኔ! አለፍኩ!»

«ልብስ አጣቢህም ደስ ብሏታል» አልኩት።

ፊቱ ልውጥ አለ። «መጥተሽ ነበር እንዴ? ቀልድ እኮ ነው፣ አንቺ ደግሞ! እህቴ ናት ብላቸው ምን ይጨምርልኛል?»

ይህን ሲል ክፋት አልነበረበትም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

በመስከረም ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ቤት ተከራየ። የማታውን ትምህርት ሳነሳበት «ትንሽ ልረጋጋ» ይለኛል። ሲረጋጋ ወደ መሃል አገር ተዛወረ። አሁን በኢድ በኢድ ይደውላል፤ ደህና ነኝ እለዋለሁ።

ሰሚራ ስለ ደም ዝውውር አስተምራኝ ስትጨርስ «ገባሽ እማ?» አለችኝ። ገብቶኛል። አንድ ምሳሌም፣ ያውም የሚያምር፣ አፌ ድረስ መጥቶልኝ ነበር። ዋጥኩት።

«ማን አለማመደሽ ቢሉሽስ?» አልኳት።

«ማን ይጠይቀኛል እማ!» ብላ ሳቀች። ስትስቅ አጎቷን ትመስላለች።

ነገ ጠዋት እሸኛታለሁ፤ እስከ ግቢው በር ብቻ። ወደ መስኮቱ አልጠጋም። ወንድሜን እዚያ ስር አጥቼዋለሁ፤ ልጄን ደግሞ ብሰማት የት እገባለሁ?