የኖርተምበርላንድ መርዶ

የሺሃረግ አሜሪካ፣ ግሬፕቫይን ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ ስልክ ታነሳ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስታወራ ትውልና አርብ ማታ አፓርታማዋን ከዘጋች በኋላ እስከ ሰኞ ከማንም ጋር ቃል አትለዋወጥም።

እንደ ፈረንጆቹ በ1995፣ በሐምሌ ቃጠሎ፣ በየጠዋቱ የሚደውሉ አንዲት ደንበኛ ነበሯት። ሚስስ ዶሪን ይባላሉ። ሮውሌት በምትባል ሌላ ከተማ፣ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው የመጡት ከእንግሊዝ አገር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኖርተምበርላንድ ከሚባል ክፍለ ሀገር ነው። አሁን የቀረቻቸውን አንድ እህት፣ ኢዲትን፣ ሳይነግሯት ሄደው ሊያስደንቋት ነው። ቲኬቱ ተቆርጦ አልቋል። እሳቸው ግን መደወላቸውን አልተዉም፤ ጎረቤቶቻቸው እንግሊዝ ሲባል ለንደንን እንጂ ሌላ አያውቁም።

"እስቲ፣ ብሮሹሩ ዛሬ ምን ይላል?" ይሏታል።

የሺሃረግ ስለ ኖርተምበርላንድ ለጎብኚዎች ከታተመው ትንሽ መጽሔት ታነባለች። ሮማውያን ከባሕር እስከ ባሕር የዘረጉት የድንጋይ ግንብ ያልፍበታል። ቋጥኝ አናት ላይ የተቀመጠ ግንብ ቤት ባሕሩን ቁልቁል ያያል። ዛፍ የሌላቸው ነፋሻ ኮረብቶች በበግ ነጥተዋል። ጥንት መነኮሳት የኖሩባት ደሴትም አለች፤ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሽና መንገድ ይለቅላታል።

"'ባሕሩ ሲሸሽ በእግር መሻገር ቀላል ነው' ይላል።"

"አይቀልም!" ይላሉ ሚስስ ዶሪን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርሱ። "እኔና ኢዲት ልጆች ሆነን ውኃው ቀድሞን፣ መንገደኛ እንዲጠጋበት በእንጨት የተሠራ ቆጥ ላይ ወጥተን ነው የተረፍነው። እናታችን በጥፊ ተቀበለችን።"

"ብርድ ነው አገሩ?"

"በሐምሌም ሹራብ አይወልቅም፣ የኔ ልጅ።"

አንድ ቀን የሺሃረግ ለሚስስ ዶሪን ክፍል ልታስይዝ እዚያው አገር ወዳለ የእንግዳ ማረፊያ ደወለች። እግረ መንገዷን ኢዲት አሁንም በሰፈሩ ትኖር እንደሆነ ጠየቀች። የማረፊያው ባለቤት ነገረቻት። ኢዲት ባለፈው ሳምንት ተቀብራለች። አሜሪካ እህት እንዳለቻት ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ስልኳን ግን ያገኘ የለም። "እባክሽ አንቺ ንገሪያቸው" ብላ ዘጋች።

ብዙም ሳይቆይ ሚስስ ዶሪን ደወሉ። የሺሃረግ ባደገችበት አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ይዞ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው። ድምፅዋን አስተካክላ እንደ ወትሮው ብሮሹሩን አነበበች። ስልኩን ስታስቀምጥ ግን ማንን ይዛ እንደምትሄድ ጨነቃት። ብታስብ ብታስብ ሁለት ሰው ብቻ መጣላት፤ ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው ታክሲ ነጂው ጋሽ ይርጉና የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛዋ ስርጉት።

"የምናረዳት ሴትዮ የማን ዘመድ ናት?" አሉ ጋሽ ይርጉ፣ ሁለቱን ጠርታ ጉዳዩን ስትነግራቸው።

"የማንም። ደንበኛዬ ናቸው።"

"ፈረንጅ? አንቺ ልጅ፣ ለፈረንጅ እኮ በስልክ ነው! ሶ፣ በዚያ ጨለማ ነጠላ ለብሰን በር ስናንኳኳ ፖሊስ ኮል ቢያደርጉስ?"

"ብቻቸውን ናቸው፣ ጋሼ። ስልኩን ይዘው ብቻቸውን እንዲሰሙት አልፈልግም።"

"ጋሽ ይርጉ ፈርተው ነው" አለች ስርጉት።

"ማን? እኔ? ኦኬ፣ እኔው ነኝ የምነዳው!"

ሰማዩ ገርጣ ሲል ሦስቱም ሮውሌት ደረሱ። ሚስስ ዶሪን የቤት ካባቸውን እንደለበሱ በሩን ገርበብ አድርገው አዩዋቸው።

ቤት ለቤት የሚዞሩ ሰባኪዎች መስለዋቸው "አመሰግናለሁ፣ ሃይማኖት አለኝ" ብለው ሊዘጉ ጀመሩ።

"ሚስስ ዶሪን" አለች የሺሃረግ።

እጃቸው በሩ ላይ ቀረ። ፊቷን አይተውት አያውቁም፤ ድምፅዋን ግን ለዩት። ነጠላዎቹን አዩ። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ የያዙትን ጋሽ ይርጉን አዩ።

"ኢዲት ናት?" አሉ።

ስርጉት ቀድማ ገብታ ደገፈቻቸው። አላለቀሱም፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፀሐይ ወጣች። ጋሽ ይርጉ ሥራ ቢረፍድባቸውም ሰዓታቸውን አላዩም።

"እናንተ ጋ ሰው ሲሞት ስንት ሰው ነው የሚመጣው?" አሉ ሚስስ ዶሪን።

"ቤቱ እስኪሞላ" አለች የሺሃረግ።

በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን ባዶ ወንበሮች ተመለከቱ። "ላንቺስ? እዚህ ላንቺ ማን ይመጣል?"

ጋሽ ይርጉ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት።

"ቲኬቱን መልሺልኝ" አሉ ሚስስ ዶሪን። "እሷ ከሌለች ለግንብ ብዬ አልሄድም።" ከዚያም ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ብሮሹሩስ ዛሬ ምን ይላል?"

ብሮሹሩን አልያዘችም፤ በቃሏ ጀመረች። ግንቡን አለች፣ ኮረብቶቹን፣ በጎቹን። ደሴቲቱ ላይ ደረሰች።

"ባሕሩ ሲሸሽ በእግር መሻገር ቀላል ነው" ብላ ጠበቀች።

የሚስስ ዶሪን የወትሮ መልስ አልመጣም። ከሐይቁ በኩል የአንዲት ጀልባ ሞተር ተሰማና ራቀ።

"አይቀልም" አለች የሺሃረግ ራሷ።