አረንጓዴው ምንጭ

እዚህ አረብ አገር፣ ፋናር የሚባል ሰፈር፣ ቤታቸውን የማጸዳላቸው ሽማግሌ የውሃ መሐንዲስ ናቸው። የሚያጠኑት ወንዝ ከተራራ ይጀምራል፤ የበረዶው ውሃ አንድ ዋሻ ገብቶ ይጠፋል፣ ከሥር ደግሞ ሁለት ምንጮች አሉ። በየትኛው እንደሚወጣ ለማወቅ ዋሻው ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ጨመሩ። እኔን እሁድ ጠዋት አንደኛው ምንጭ ጋ አስቀመጡኝና "በየሰዓቱ አንድ ጠርሙስ ሙዪ፣ ኸላስ፣ በቃ" ብለውኝ ወደ ሌላው ሄዱ።

ስለበረደኝ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ጠርሙሶቼን ደርድሬ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ለሽርሽር የወጡ ያገሬ ሴቶች መጡ። ከፊት እኔ የምኖርበት የዓይን ኤል ረማነህ ሰፈር ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ነበሩ።

"ጸበል አግኝተሽ ብቻሽን?" አሉኝ።

"ያኒ፣ ማለቴ፣ የሰውዬው ጥናት ነው" ማለት ስጀምር ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ሁሉም ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ ወዲያ የሚሰማኝ አልተገኘም፤ ጠርሙሶቼን ተከፋፍለው፣ አረንጓዴውን ውሃ ሞልተው ሄዱ።

ሚስተር የምላቸው ሽማግሌ ሲመለሱ ባዶ እጄን ጠበቅኳቸው።

"አረንጓዴ ሆነ?"

"ሆነ።"

"ስንት ሰዓት?"

"ዘጠኝ ሰዓት።"

ጻፉት። ስለ ጠርሙሶቹ ሳይጠይቁ ዕቃቸውን ሰበሰቡ።

ረቡዕ እትዬ አስካለ ደወሉ። "ወገቤን ለቀቀኝ። ደግሞ መቼ ነው የሚፈልቀው?"

ሰውዬው ዱቄት ቀለም በባልዲ በጥብጠው እንደጨመሩት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ዘጉት።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ለራሴ አስቀርቼ አልጋዬ ሥር ከደበቅኩት ጠርሙስ ትንሽ ቀዳሁና፣ እንደ ሰኞና እንደ ማክሰኞው፣ ጉልበቴን አሸሁ።