ቦት ጫማ ለከርከሮ አደን

ፈሪ ነኝ። ይህን ከወዲሁ ተናግሬ ብገላገል ይሻለኛል። ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ጣናን በየቀኑ እያየሁ አድጌ፣ ዋና የማልችል ሰው ነኝ። ውሻ ከጮኸብኝ መንገድ እቀይራለሁ። ቢሮ ውስጥ አለቃዬ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ መጀመሪያ አንገቱን የሚደፋው እኔ ነኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ከርከሮ አደን ና ብለው የጠሩት።

የጠሩኝ የእጮኛዬ አባት ናቸው። አገራቸው ቁንዝላ ነው፣ ከሐይቁ ማዶ። እዚያ ሐይቁ እየሸሸ የሚተወውን መሬት ባሕር ሸሽ ይሉታል። የዘሩት እሸት ሲይዝ ከርከሮ ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ እየወጣ ማሳውን ገለባብጦት ያድራል። ስለዚህ መንደሩ ተጠራርቶ ይወጣል። ግማሹ ሰው ከነውሻው ደንገሉን እየደበደበ ይነዳል፤ ግማሹ መውጫው ላይ ጦር ይዞ ተራርቆ ይቆማል። ሥጋውን የሚበላ የለም፤ ነገሩ ሰብል ለማዳን ነው።

አማች ሊሆን ያሰበ ሰው ደግሞ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አንድ ቀን መውጫው ላይ ይቆማል። ግደል የሚለው የለም። ቦታህን አትልቀቅ ነው የሚሉት። አንዱ ከለቀቀ አውሬው በክፍቱ ሾልኮ አጠገቡ የቆመውን ከኋላ ያገኘዋላ።

የእጮኛዬን ታላቅ እህት ሊያገባ የመጣው ሰው ለቆ ሮጠ። ማንም አልተጎዳም፤ ግን መንደሩ ሳቀ። ገበያው ሁሉ «ሯጩ» እያለ ሲጠራው ጊዜ አፍሮ ሽማግሌውንም ሳይልክ በዚያው ቀረ። እህቲቱ እስካሁን አላገባችም። ይህን የነገረችኝ እጮኛዬ ናት፤ ስትነግረኝ ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሳችም። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። እኔ እንደምሮጥ አውቃለሁ፤ ራሴን አላጣውም። ከሮጥሁ ደግሞ እሷንም እንደማጣት አወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝግጅት ይባል እንደሆነ እንጃ። ከአጎቴ ጦር ተዋስሁና ሰባታሚት ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ የሙዝ ግንድ መውጋት ጀመርሁ። አከራዬ ልብስ እያሰጡ ሙዙ ምን አደረገህ አሉኝ። አንዴ ጦሩ ግንዱን ስቶ የውኃ በርሜላቸውን በሳው፤ ከዚያ ወዲህ ልምምዱም ቀረ፣ ሰላምታቸውም ቀዘቀዘ። ምግብ አልወርድ አለኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ከሳህ ሲሉኝ ጾም ነው አልሁ፤ ጾም አልነበረም።

የእጮኛዬ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር፤ ጫማ። አባቷ ደውለው ነበርና እስከ ጉልበት የሚደርስ ላስቲክ ቦት ካልገዛህ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ሱቅ ይዛኝ ሄደች። ሰፊውን ስለካ፣ አይሆንም፣ እግርህን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው ነው የሚሻለው ብላ ጠባቡን አስገዛችኝ። ጣቶቼ ተጣጥፈው ገቡ። ለምን እንዲህ እንደምትጨቀጭቀኝ ብጠይቃት፣ አባቴ ያሉት ነው፣ በቃ አለችኝ። ተቆጣሁ። ሰው ሊሞት ሲሄድ እሷ ስለ ጫማ ታወራለች አልሁ በሆዴ።

መንገዱ አስቸጋሪ ነው ስላሉኝ በጀልባ ሄድሁ፤ ዋና ለማይችል ሰው መቼም ጥሩ ምርጫ ነው። ጦሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ በጉልበቴ መሐል ያዝሁት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት የመጋረጃ ብረት ነው ወይ አሉኝ፤ አዎ እናቴ አልኋቸው። መሐል መንገድ ደቅ ደሴት ላይ ቆመን ቆርቆሮና የለስላሳ ሳጥን ሲራገፍ፣ እዚሁ ወርጄ ብቀርስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። የምር አሰብሁት። ደሴት ላይ ማን ይፈልገኛል? ግን ጀልባዋ ተነሣች፤ እኔም ከነጦሬ ተቀምጬ ቀረሁ።

ቁንዝላ ስደርስ አባቷ ወደቡ ላይ ቆመው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ደኅና ገባህ ወይ አሉኝና ጦሬን ሳይሆን ጫማዬን አዩ። ጎንበስ ብለው ሁሉ አዩት። ደግ አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ደንገሉ ስንወርድ ግን ደሜ ፈላ። ከኔ በቀር ቦት ያደረገ ሰው የለም። ሁሉም ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ በባዶ እግሩ ነው። የከተማው ልጅ ዓሣ ሊያጠምድ ነው እንዴ እያሉ ይስቁብኛል። በዚህ ላይ አባቷ እጄን ይዘው ከሁሉ የባሰ ጭቃ ያለበት ቦታ ላይ አቆሙኝ። ራሳቸው ከኔ ትንሽ ፈንጠር ብለው ወደ ፊት ቆሙ። አንዱ ጎረቤት ደረቁ ላይ ይቁም እንጂ ቢላቸው እንዳልሰማ ዝም አሉ።

ከዚያ ጩኸቱ ተነሣ። ቆርቆሮ ይደበደባል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ደንገሉ ከሩቅ እየተንቀጠቀጠ ወደኛ ይመጣል። ጦሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ጫፉን ወደ ደንገሉ አዞርሁ። ድንገት ደንገሉ ተከፈለና ወጣ። እንዲህ ግዙፍ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም። ክራንቻው ታየኝ፤ ሌላ ነገር አላየሁም። ጦሩን ጥዬ ዞርሁ።

ዞርሁ ስል ከወገቤ በላይ ነው። እግሬ አልተከተለኝም። ጭቃው ቦቱን እስከ ጉልበቴ ውጦታል፤ ቦቱ ደግሞ እግሬን ነክሶ ይዞታል። ሳብሁ፤ ንቅንቅ የለም። ጮኼም እንደሆነ አላስታውስም። አባቷ ከፊቴ ሲገቡና ጦራቸውን ዝቅ ሲያደርጉ አየሁ። ከርከሮው ታጠፈና በግራ በኩል አለፈ፤ ከዳር የቆሙት ተቀበሉት።

ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ እኔ እዚያው ተተክያለሁ። ጎረቤትየው፣ ያ ጠዋት ደረቁ ላይ ይቁም ያለው፣ ልጁ ንቅንቅ አላለም ብሎ መሰከረ። ትከሻዬን መቱኝ፤ አማቻችን ጎበዝ ነው አሉ። ጦሬን ከጭቃው አንሥተው ሰጡኝ። ሁለት ሰው እየጎተተ አወጣኝ፤ እግሬ ወጣ፣ ቦቶቹ እዚያው ቀሩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከአባቷ ጋር ወደ ኋላ ቀረት አልን። በባዶ እግሬ ነበርሁ። ሙገሳው ከበደኝ። እኒህን ሰው አታልዬ ልጃቸውን ልወስድ ነው ብዬ አሰብሁና፣ ይምጣ የመጣው ብዬ ነገርኋቸው።

«አባባ፣ እኔ ጎበዝ አይደለሁም። ጫማዬ ተይዞብኝ ነው እንጂ ልሮጥ ነበር። ይህን ሳያውቁ ሽማግሌ ብልክብዎ ነውር ነው።»

እሳቸው አልቆሙም። እርምጃቸውንም አልቀየሩም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ጫማውን ያስገዛሁህ እኔ አይደለሁ? ጠባብ ይሁን ያልሁም እኔ ነኝ። ልጄ ምክንያቱን አታውቅም፤ አንተም አትንገራት።»

ከፊታችን ቤቱ ታየ። ታላቂቱ እህት ደጅ ላይ ቆማ በእጇ ፀሐይ ከልላ ማን ምን እንደሆነ ታያለች። አባቷ ሲያዩዋት ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ያኛውም ጥሩ ልጅ ነበር» አሉኝ። «በባዶ እግሩ ነበር እንጂ።»