ጆሮ ያለው ገብስ

በዓይኔ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ፤ እንግዳ ሳያየው የሚያልፈውን ጥርብ ድንጋይ እያሳየሁ እመሰገናለሁ። እንግዳ በጠፋበት ክረምት ግን ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው አክስቴ ዘንድ ገብስ ላርምላት ሄድኩ። ባሏ ሞቶባታል፤ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። የዓመት ቀለቧ ያቺ አንድ ጥማድ ገብስ ነበረች፤ እሷንም ሲናር ወሯታል።

ሲናር ቡቃያው ቁርጥ ገብስ የሚመስል አረም ነው። አክስቴ ከሁለቱም አንዳንድ ነቅላ በጣቷ እየዳበሰች አስተማረችኝ። ገብስ ቅጠሉ ከአገዳው በሚነሳበት ቦታ አገዳውን አቅፋ የምትይዝ ትንሽ ጆሮ አለችው፤ ሲናር ጆሮ የለውም። ጥቂት እንዳየሁ አስቆመችኝ።

«ለዛሬ ይበቃሃል ልጄ። ዓይን ተኝቶ ነው የሚማር፤ ነገ ደሞ ጥቂት ታያለህ።»

ሳቅሁባት። ይሄ ለእኔ የአንድ ቀን ሥራ ነው አልኳት። እስኪመሽ አጎንብሼ ጆሮ ስፈልግ ዋልኩ፤ ከራት በኋላም በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ እያገላበጥኩ ሳልተኛ ነጋ። ጧት ማሳው ውስጥ ስገባ ሁሉም አረንጓዴ ብቻ ሆነብኝ። ጭራሽ ከትናንቱም ባሰብኝ። ያን ሁሉ ጉራ ነፍቼ አልለየኝም ማለት ሞት መሰለኝ፤ በግምት መንቀል ጀመርኩ።

ለምሳ አክስቴ ቆሎ ይዛልኝ መጣች። የነቀልኩትን ክምር ስትዳብስ ጣቷ ቀጥ አለ። አንዱን አሻሸች፣ ሌላውን አነሳች፣ ሦስተኛውን ደገመች። አልተቆጣችም፤ ሂድና ተኛ ብቻ አለችኝ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

እስከ ማግስቱ ጧት ተኛሁ። ስነሳ ከማሳው ዳር ቆሜ፣ ሳላጎነብስ፣ ሲናሩ ከገብሱ ተለይቶ ታየኝ። ምንም አልጨመርኩም፤ መተኛት ብቻ። ክምሩ ውስጥ የጠወለገው ደግሞ ባለ ጆሮው ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ሲናሩን በዚያው ቀን ለቀምኩት፣ የነቀልኩት ገብስ ግን ተመልሶ አይተከልም። የማሳው እኩሌታ ራሰ በራ ሆኖ ቀረ።

መስከረም ላይ ልጠይቃት ሄጄ ደጃፏ ቆመን ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቷ ከመንገድ ቆም ብለው ማሳውን አዩና ምን ነካው ብለው ጠየቋት።

«እኔው ነኝ ያረምኩት፣ በዚህ ዓይኔ» አለች አክስቴ።

ሰውዬው ከንፈራቸውን መጠጡላት። ወደ እኔ ዞረውም ዓይናማው አንተ እያለህላት እንዴት እሷ ታርማለች ብለው ወቀሱኝ። አክስቴ መሬት መሬት ታያለች። እውነቱ አፌ ላይ ነበር።

«ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነበርኩ» አልኳቸው።