ከበሩ አጠገብ

አባቴ ቀጥቃጭ ነው። በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለ ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም የሚመጣው ወደ እሱ ነው። እኔ ብየዳ ከስልክ እያየሁ ተምሬ በርና መስኮት እሠራለሁ። ቤተ እስራኤል ነን። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የእሱ ከሰልም የእኔ ማሽንም ይጠፋል፤ ቅዳሜ መዶሻ አናነሣም። እጃችንን የሚያመሰግን ሰው ልጁ ሲታመምበት ቡዳ ይለናል።

አባቴ ለቅሶ ቤት ሲገባ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። ከአባቶቻችን የወረደ ትምህርት ነው፤ ሰው ከሚገባው ቦታ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ውረድ ከሚሉት ከፍ በል ቢሉት ይሻለዋል። አባቴን ግን ከፍ በል ያለው ሰው አላየሁም።

አንድ ቀን፣ «ፈርተህ ነው» አልኩት።

«ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «መርጦ ዝቅ ያለን ማን ያወርደዋል?»

አላመንኩትም።

ባለፈው ክረምት አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ሞቱ። ከሳዑዲ የተመለሰው ልጃቸው አዲስ ቤት ሠርቶላቸው ነበር፤ የፊት ለፊቱን ባለሁለት ተካፋች በር የበየድኩት እኔ ነኝ። ከቀብር መልስ አባቴ በዚያ በር ገብቶ «አብሽሩ» አለና ከመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ።

ልጁ አየው። «አዎ፣ አንተ እዚያው ሁን፤ የእናንተ ቦታ እዚያ ነው» አለ። ወደ አሳላፊዋ ዞሮም፣ «ለእሱ በጣሳው» አላት።

ለሌላው ሰው ውሃ በብርጭቆ ነበር። ለአባቴ የቲማቲም ጣሳ መጣ፤ ጠርዙ ሞረድ እንኳ አልነካውም።

«ቦታዬ እዚህ ነው ያለው ማነው?» አለ አባቴ።

«ይታወቃል እኮ! ዱሮስ እዚያ አይደል የምትቀመጠው?»

«ተወው» አለ አንዱ ከመሃል፤ «ዓይኑ ወደ ደጅ ቢያይ ለሁላችንም ይሻላል።» ሰዎች ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

አባቴ ተነሣ። የምንወጣ መስሎኝ እኔም ተነሣሁ። እሱ ግን በአግዳሚዎቹ መካከል አልፎ ወደ ላይ ሄደና ከቀባሪ ማኅበራችን ከቅሬው ዳኛ አጠገብ ቆመ።

«ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ጌታዬ።»

ሽማግሌው አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ አሉ። ለመቀበል ይሁን ለመሸሽ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ ተቀመጠ።

«ተነሥ!» አለ ልጁ።

«የአባትህን ማረሻ ሃያ ዓመት ስያለሁ። እናትህን የማለቅሰው እዚህ ሆኜ ነው። ካልወደድክ አራት ሆናችሁ አንሡኝ።»

ማንም አልተነቃነቀም። ጣሳውን እንደሞላ አግዳሚው ላይ ትቼ ከአባቴ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ብርጭቆ አልመጣም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ውሃ ሳንጠጣ ተቀመጥን።

ወደ ቤት ስንመለስ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። «ከእንግዲህ በር ሥር የለም!»



በሦስተኛው ቀን ተመልሰን ሄድን። ዳኛው አባቴን ሲያዩ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁ፤ «ከፍ በል እንጂ» አሉት። አባቴ እጅ ነሣቸው። ከዚያ የሟቿን ልጅ ዓይን ዓይኑን አየው።

አባቴ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ማንም ሳያሳየው።