ከአሥመራ መሐል ሜዳ ሁለት ሰዓት

መሐል ሜዳ አውሮፕላን ማረፊያ ራዲዮ ኦፕሬተር ሆኜ የተቀጠርኩት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ማረፊያ ይባል እንጂ ሣር ሜዳ ነበር። ዳሩ ላይ አንዲት ቆርቆሮ ቤት፣ እንጨት ላይ የተሰቀለ የነፋስ ማያ ጨርቅ፣ በቃ።

አለቃዬ አቶ በቀለ የመጀመሪያ ቀን ራዲዮውን፣ የጆሮ ማዳመጫውን፣ የግድግዳ ሰዓቱንና ለአብራሪው 'አትውረድ' ማለቻውን ቀይ ባንዲራ አስረከቡኝ። "አውሮፕላኑ ከአሥመራ ይነሣል፣ እኛ ዘንድ አርፎ ወደ አዲስ አበባ ያልፋል" አሉኝ። "መነሻውን አሥመራ ይነግርሃል፤ መቼ እንደሚደርስ ደግሞ አብራሪው መንገድ ላይ ጠርቶ ይነግርሃል። እሱን ሳትሰማ ሜዳው ላይ ዶሮ እንኳ እንዳታሳልፍ!"

"እሺ ጌታዬ" አልኩ። እሺ ማለት ምን ገዶኝ!

ሁለት ዓመት ስሠራ ልቤ አበጠ። ርቀቱ አምስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ ያዝኩት። ነፋስ ከኋላ ሲገፋ ሰዓቱ እንደሚያጥር አጥቼው ነው? አውቃለሁ እንጂ! ማወቅና መጠንቀቅ ለየቅል ናቸው።

አንድ ማክሰኞ አሥመራ "ሦስት ሰዓት ላይ ተነሥቷል" አለኝ። አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው አንድ ግራዝማች ሞተው ነበርና ወዲያው ወንድማቸው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ።

"ልጄ፣ ፈረሳቸውን ሸልመን፣ ጠመንጃቸውን ይዘን እንድናለቅስበት ሜዳውን ፍቀድልን። ሌላው ሁሉ እርሻ ነው።"

ለለቀስተኛ እንዴት እንቢ ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። "የሚደርሰው አምስት ሰዓት ነው፤ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ግን ልቀቁልኝ" አልኳቸው።

ሕዝቡ ጎረፈ። ባለቤቴ አስካለም ልጃችንን አዝላ ከአልቃሾቹ መሃል ገባች። እኔም እዚህ ተቀምጬ ብቀር ነገ ምን ይሉኛል ብዬ ማዳመጫውን አውልቄ "እግዜር ያጥናችሁ" ልል ወጣሁ።

አራት ሰዓት ተኩል አለፍ እንዳለ አውሮፕላኑ ተራራውን ከሸፈነው ጉም ወጥቶ ወደ ሜዳው ሲወርድ አየሁት። እግዚኦ! ባንዲራው ቤት ነው ያለው። ጋቢዬን እያውለበለብኩ "ሽሹ! ሽሹ!" ብዬ ሮጥኩ፤ በዚያ ሙሾ ማን ይስማኝ! ፈረሱ ደንብሮ ጠመንጃ ያዡን ጣለው። አስካለ የት እንዳለች አላየሁም። የማየው ጎማዎቹን ብቻ ነበር።

አብራሪው አውሮፕላኑን ከሰው ራስ በላይ ነጥቆ አወጣው። ሕዝቡ እየወደቀ፣ እየተረጋገጠ ተበተነ። ጉሙ ደግሞ እየወፈረ ነበር። ሲዞር ተራራ ቢመታስ? አንጋጥጬ የሞተሩን ድምፅ ተከተልኩ። እንደ ምንም ዞሮ አረፈ።

አብራሪው ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ። "አራት ጊዜ ጠራሁህ፤ የት ነበርክ?"

"ለቅሶ ላይ።"

"ሃያ ሰው ይዣለሁ እኮ፣ ወንድሜ!" አለና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

አስካለን ከሜዳው ዳር የእርሻ አጥር ሥር አገኘኋት። ጉልበቷ ደምቷል። ልጃችንን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች፤ እሱ ደህና ነበር።

"የአውሮፕላኑን ድምፅ እኮ ሰምተን ነበር" አለችኝ። "ሴቶቹ እንውጣ ሲሉ 'ገና ነው፣ ባለቤቴ ሰዓቱን ያውቃል' ብዬ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ።"

ጎንበስ ብዬ የጉልበቷን ደም በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁላት።

ለእናንተ ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይኸው ነው። ርቀት አይለወጥም፤ ሰዓት ይለወጣል። አውሮፕላን አየር ላይ እያለ ማዳመጫ አይወልቅም፣ ለቅሶም አይደረስም።