በቀዮቹ አደባባይ ያለፈው ሣጥን

ዊጂ ካሳር አናጢ ነበር። በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፣ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ይጠግናል፤ ደሴቱ ላይ ስሙ የወጣው ግን በዚህ አይደለም፤ በሐሰት የሬሳ ሣጥን ነው። እኛ ዘንድ አንድ ክለብ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ሲወርድ ባላንጣዎቹ ይቀብሩታል። የወረደው ክለብ ባንዲራ የለበሰ ሣጥን በትከሻ ይወጣል፣ የከተማው ባንድ ከኋላ እየነፋ ይከተላል፣ ጢማም ወንዶች ጥቁር ሻሽ አስረው ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ፣ አንዱ አንሶላ ተከናንቦ ቄስ ይሆናል። ዊጂ ሣጥኑንም ይሠራል፣ ቄሱንም ይሆናል። በመጸዳጃ ቤት ብሩሽ ቢራ እንደ ጠበል መርጨትን የፈጠረው እሱ ነው። በሳቅ የገደለን ሰው ነው።

እኛ ቢጫዎቹ ነን። ቀዮቹ ከዋናው መንገድ ማዶ ናቸው። ሁለቱን ከተማ የሚለየው ያ አንድ አስፋልት ነው፤ እነሱ ሲያስነጥሱ እኛ "ይማርህ" እንላለን፣ የጨዋታ ቀን ካልሆነ በቀር። እንጋባለን፣ እንበዳደራለን፣ ከአንድ ዳቦ ቤት እንበላለን። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመቃብር ቦታችን አንድ መሆኑ ነው፤ ወደዚያ ለመሄድ እኛ ቢጫዎቹ የግድ በቀዮቹ አደባባይ ማለፍ አለብን።

የዊጂ ሚስት ጆሊና ከእሱ ትብስ ነበር። የክለቡን ማሊያ የምታጥበው እሷ ናት፤ ጣሪያዋ ላይ ቢጫ ማሊያ ተሰጥቶ ሲውለበለብ ከባሕሩ ይታያል። የተከላካዩ ቁምጣ ንጹሕ ሆኖ ከመጣላት "ይሄ ሰነፍ ዛሬም ቆሞ ነው የዋለው!" ብላ ገንዳው ውስጥ ትወረውረዋለች። የክለቡን መጠጥ ቤት የምይዘው እኔ ነኝ፤ ስንሸነፍ ወንዶቹ በሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ሲጠጡ፣ እሷ በር ላይ ቆማ "ፍራንስ፣ ለእነዚህ ሬሳዎች ቢራ ሳይሆን ወተት ቅዳላቸው!" ስትል እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ልጅ አልወለዱም። ክለቡ ነበር ልጃቸው፣ ያውም ባለጌ ልጅ።

በወረድንበት ዓመት ጸደይ ላይ ጆሊና አልጋ ያዘች። ክለቡም አብሯት ታመመ። ከውጭ የመጡት ሁለቱ አጥቂዎች ደመወዝ ሲዘገይባቸው ሻንጣቸውን ይዘው ውልቅ አሉ፤ የቀሩት ልጆች በየሳምንቱ ይሸነፋሉ። አንድ ቀን ሾርባ ይዤ ስገባ ዊጂን እጁን ይዛው አገኘኋት።

"የክለቡን ባንዲራ ሣጥኔ ላይ ታደርግልኛለህ። ከዚያ አብሮኝ አፈር ይግባ" አለችው።

"ብንወርድስ?"

"ስንወርድ ነው እንጂ የሚያስፈልገኝ! ስናሸንፍማ ማንም ያለብሰኛል።"

ዊጂ እየሳቀ ማለላት። ከዚያ ኩሽና ገብቶ አለቀሰ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ እሱ ግን ዕዳ መግባቱን በዚያች ሰዓት አልጠረጠረም።

ጆሊና ዓርብ ሞተች፤ ማዶ ግን ከጨዋታው ሌላ ወሬ የሚሰማ አልነበረም። እሑድ በመጨረሻው ጨዋታ ተሸንፈን ወረድን። ቀብሩ ሰኞ ጠዋት ነበር። ሌሊቱን ከማዶ ርችት ሲተኮስ፣ የመኪና ጥሩምባ ሲነፋ አደረ፤ ቀዮቹ ክለባችንን ሊቀብሩ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ከሥራ የቀረ እንጂ ሥራ የሄደ ቀይ አልነበረም። ዊጂ ቤት ሄድኩ። ባንዲራውን ሣጥኑ ላይ እያነጠፈ ጫፎቹን በእጁ ያስተካክላል።

"ዊጂ ወንድሜ፣ ዛሬ ይቅር" አልኩት። "አጥፈን ሣጥኑ ውስጥ እንክተተው። ማንም አያየውም።"

"ሣጥኑ ላይ አድርገው ነው ያለችኝ።"

"እነዚያ ሰዎች እኮ ሰክረዋል!"

"ሰክረውም ቢሆን ሰው ናቸው፣ ፍራንስ። ሬሳ ያውቃሉ።"

ባል እሱ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን ቄሳችን አባ አንጀሎ ጸሎቱን ሊያዘጋጁ አደባባዩ ሳይዘጋ በመኪና ቀድመውን ወደ መቃብሩ ሄዱ። የሬሳ መኪናው ግን መንገዱ አፍ ላይ ተገትሮ ቀረ፤ ቀዮቹ መኪናቸውን በየመሐሉ አቁመው ላዩ ላይ ይጨፍራሉ። ሹፌሩ ጥሩምባ ቢነፋ እነሱም በደስታ መልሰው ነፉለት። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። በመጨረሻ ዊጂ "አውርዷት፣ በትከሻ እንሂድ" አለ። ስድስት ሆነን ተሸከምናት። እንግዲህ አስቡት፤ ቄስ የለም፣ መኪና የለም፣ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ስድስት ወንዶችና የወረደው ክለብ ባንዲራ የለበሰ ሣጥን። የአደባባዩ ሰው በሙሉ ደግሞ ቆሞ የሚጠብቀው ልክ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ሲያዩን አደባባዩ ጮኸ። ባንዱ የተሰበሰበው ለዚሁ ነበርና ወዲያው ጀመረ። ወረቀት ከየሰገነቱ ዘነበብን፤ ሻሽ ያሰሩት አልቃሾች "ወይኔ ቢጫዬ! ለማን ትተሽኝ!" እያሉ ሣጥኑ ላይ ተደፉ። አንዱ እየሳቀ ሣጥኑን በጥፊ መታው። እኔ "ተው! ተው!" እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ! በሕዝቡ መሐል አንሶላ የተከናነበ ሰው መጣ፣ የቀዮቹ ቄስ ሳቬር፤ ዓሣ ሻጭ ነው፣ ከዊጂ ጋር አብረው ነው ያደጉት። በአንድ እጁ ባልዲ፣ በሌላው ብሩሽ ይዟል። ብሩሹን ነክሮ ከራስጌ እስከ ግርጌ ቢራ አርከፈከፈበት። ከዚያ ከፊት ተሸክሞ ያለውን ዊጂን አየው፤ ፊቱ በደስታ በራ።

"ዊጂ! አንተ ራስህ አመጣኸው? ወንድ! እናንተ ሰዎች፣ እዩት፣ የገዛ ሬሳውን ተሸክሞ መጣ! እንዲህ ነው እንጂ ተሸናፊ!" አለና አንገቱን አቅፎ ሳመው። "ጆሊናስ? አሁንም አልተሻላትም?"

ዊጂ ሣጥኑን በአገጩ አመለከተው።

"ይቻትና" አለ።

ሳቬር መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዓይኖቻችንን ተራ በተራ አየ፣ የሣጥኑን የነሐስ መስቀል አየ፣ ክው ብሎ ቀረ። ባልዲው ከእጁ ወደቀ። አጠገቡ ያሉት ዝም አሉ፤ ዝምታው ግን ሩቅ ለመድረስ ጊዜ ፈጀበት። ከኋላ ባንዱ ይነፋል፣ ሰገነት ላይ ያሉት ይስቃሉ። አንዲት ሴትዮ እየጮኸች ስትሮጥ ሄዳ የከበሮ መቺውን እጅ እስክትይዝ ድረስ በሚስቱ ሬሳ ላይ ተጨፈረ።

ሣጥኑን መሬት አስቀመጥነው። ዊጂ ባንዲራውን አነሣ፤ ቢራ ያንጠባጥባል። በኮቱ እጅጌ እንጨቱን ጠረገ፣ ደጋግሞ ጠረገ፣ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ከዚያ ያለ ባንዲራ፣ ሣጥኗን ራቁቱን ይዘን ሄድን። ቀዮቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ መቃብሩ ተከተሉን፤ ሳቬር አንሶላውን ማውለቅ እንኳ ረስቶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

"ግደለኝ፣ ዊጂ" አለው።

"ተነሥ። ብሩሹ የእኔ ነው" አለው ዊጂ።

ባንዲራው አብሯት አልገባም። "በቢራ የተነከረ ነገር አላለብሳትም" ብሎ ይዞት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው ዕድሜ አይባልም። የእንጨት ሥራ ቤቱን ዘጋ ብል አልዋሽም፤ በሩን ከፍቶ ይቀመጣል እንጂ መጋዝ አያነሣም። ባንዲራውን ያጥበዋል፣ ጣሪያ ላይ ያሰጣዋል፣ ያወርደዋል፣ እንደገና ያጥበዋል። ወደ እኔ ይዞት ይመጣና "አሽትተው፣ ይሸታል?" ይለኛል። "ሳሙና ብቻ ነው የሚሸተው" እለዋለሁ። "ውሸታም" ብሎኝ ይሄዳል። ቢጫው ነጣ፣ ጥቁር ጠርዙ አመድ መሰለ። ክለቡም እንደዚያው፤ በሁለተኛ ዓመቱ ደግሞ ወረደ፣ ልጆቹ ተበተኑ፣ እኔም መጠጥ ቤቱን ለፒዛ ነጋዴ አስረከብኩ። ያን ጊዜ የቀበረን እንኳ አልነበረም። ከዚያ ሰኞ ወዲህ በሁለቱ ከተሞች ሣጥን ተሸክሞ የሚወጣ ጠፋ።

ዊጂ ሊሞት ሲል አጠገቡ ነበርኩ። ባንዲራው ታጥፎ ትራሱ ሥር ነው። መቃብሩ የቤተሰብ መቃብር ስለሆነ ለእሱ ሲከፈት እሷም እዚያው ናት። ደስ ብሎኝ ነገርኩት፤

"አየህ፣ አሁን ይደርሳታል። ላንተ ሲከፈት አብሬ አስገባዋለሁ። ቃልህን ሞላህ ማለት ነው።"

እጁን ትራሱ ሥር ሰዶ ባንዲራውን ዳሰሰ።

"አታስገባ፣ ፍራንስ።"

"ለምን? ለምናህ የለ!"

"የለመነችኝ ያን ቀን ሳታይ ነው። አሁን ብታየው የሚያስታውሳት ያንን ሳቅ ነው። ሞቱን አልፈራሁም። ስደርስ ዓይኗን የማይበት ዓይን የለኝም።"

የለም፣ ሙታን አይሰሙም፣ አላየችም፣ አልሰማችም ብዬ ለመንኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ቀብሩ ላይ ሰው ጥቂት ነበር። ሣጥኑን ምንም ሳናለብስ በአደባባዩ አሳለፍነው፤ ቡና ቤት ደጅ የተቀመጡት ቱሪስቶች ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አሳለፉን። ድንጋዩ ሲነሣ ከታች የእሷ ሣጥን ታየኝ፣ እንጨቱ ጠቁሯል። ባንዲራው ብብቴ ሥር ነበር። እጄን ብዘረጋ ይበቃ ነበር። አልዘረጋሁም፤ እሷ ለምናዋለች፣ እሱ ከልክሎኛል። ድንጋዩን መለሱት።